ከመሰላሉ ሥር

ፈረንሳዮች ቃላቸውን ለእንግሊዞች ባያውሱ ኖሮ ስንት ታፔላ በሰላም በተጻፈ ነበር! አፍ ላይ «ቡፌ» ተብሎ የሚያልቅ ቃል ግድግዳ ላይ ሲወጣ ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደል ይበላል፤ የመጨረሻው ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። ስለዚህ ታፔላ ጸሐፊው መሰላል ላይ ይወጣል፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ ሚስቱ ደግሞ ከሥር መሰላሉን ይዛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትጠራለታለች። ጡረታ ከወጣች ጀምሮ እንዲሁ ናቸው፤ አሥር ዓመት ሆናቸው። እሱም እንደ ተማሪዎቿ «ቲቸር» ነው የሚላት።

ዛሬ ጠዋት ግን ልጃቸው ነገሩን አበላሸችው። አስቸጋሪዎቹን ቃላት በሙሉ በአባቷ ስልክ ላይ ጻፈችለትና፣ «እማዬ፣ አንቺ ከእንግዲህ ጉልበትሽን አሳርፊ» አለቻት። ልጅቷ አዝናላት ነው፤ የእናት ሆድ ግን ባባ። ጉልበቷስ እውነት ነው ያማታል። ቤት ስትውል ግን ከማን ጋር ልታወራ ነው? ከቁም ሳጥኑ ጋር?

ቁርሷን ሳትጨርስ እያነከሰች ወጣች። በልቧም ቆርጣለች፤ ስልኩን እያየ ሲጽፍ ካገኘችው ከነገ ጀምሮ ላትመጣ።

የዕለቱ ታፔላ የሚጻፍበት ሆቴል ጋ ስትደርስ ባሏ ቀለሙን በጥብጦ፣ መሰላሉ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ግድግዳው ባዶ ነው።

«ስልኩስ?» አለችው።

«ባትሪው አለቀ።»

ወዲያው አጥሩ ላይ ከተሰቀለው ኮቱ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

«የሌላ ሰው ይሆናል» አለ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ። «በይ ቲቸር፣ ቡፌ በምን ይጀምራል?»

ነገሩ አልጣማትም። እስከ አምስተኛው ፊደል ድረስ በትክክል ጠራችለት። ስድስተኛው ላይ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ «ኤም» አለች።

«እሺ ቲቸር» አለና፣ ሳያመነታ ትክክለኛውን «ቲ» ጻፈ።

እጅ ከፍንጅ ያዘችው።

«አንተ! ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

ብሩሹን በቆርቆሮው አፍ ላይ ጠራረገ፣ ደግሞ ጠራረገ። «ከመጀመሪያው ዓመት።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው አሥር ዓመት ሙሉ የምታስለፈልፈኝ?»

«ካልጠየቅኩሽ ቤት ትቀሪያለሽ ብዬ ነዋ!»

የደስታ እንባዋን እንዳያይባት ቀና ሳትል፣ በአስተማሪ ድምፅዋ፣ «ሁለተኛው ኤፍ ተንጋዷል፣ አስተካክል» አለችው።

እሱም ምንም ያልሆነውን ኤፍ ያለ ክርክር እንደገና ቀባው።