የማይረገጠው ሳር

ጋሽ ሀብተሥላሴ ስለ ሳር የማያውቁት ነገር ይኖራል ብሎ የሚያስብ ሰው በልደታ ኮንዶሚኒየም አልነበረም፤ እሳቸውም አስበውት አያውቁም። ዕድሜያቸውን በግብርና ሙያ ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ፣ ከብሎኩ ፊት ያለችውን ቁራሽ መሬት ሰርዶ ተክለው አለመለሟት። «ሳር መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ቆርቆሮ አቆሙና ኳስ ተጫዋቹንም አቋራጭ ፈላጊውንም አባረሩ። ጎረቤቱ ከልጆቻቸው ይልቅ ሳሩን ይወዳሉ እያለ ያማቸዋል። ሐሜቱ ከእውነት ብዙ አይርቅም። ልጆቹ ትዳር ከያዙ ወዲህ ይደውላሉ እንጂ አይመጡም፤ ሳሩ ግን ሁልጊዜ ደጃፋቸው ላይ አለ።

ዘንድሮ በጋው ከረረ። ውሃ በፈረቃ ሆነ፤ የመጣችውም ለጋራው ሮቶ ብቻ ተባለች። ከሮቶው ቀድቶ ተክል የሚያጠጣ እንዳይኖር ደንብ ያወጡት ጋሽ ሀብተሥላሴ ራሳቸው ናቸው፤ የሮቶው ቁልፍም እሳቸው ዘንድ ነው። በገዛ ደንባቸው ሳራቸው ላይ ፈረዱበት። ሳሩ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ገለባ መሰለ። ሥሩ ካለ፣ ዝናብ ሲጥል ያቆጠቁጣል እያሉ ራሳቸውን አጽናኑ።

አንድ ቀን ግን ከዳሩ ትንሽ ገባ ብሎ ሰፌድ የምታህል ክብ ቦታ ለምልማ አዩ። ዓይናቸውን አላመኑም። ጎንበስ ብለው ዳሰሷት፤ እርጥብ ናት። አሸተቷት፤ ፍሳሽ አይደለችም። ጠል ነው እንዳይሉ፣ ጠል አንዲት ክብ መርጦ አይወርድም። በማግሥቱ ክቧ ሰፍታ ጠበቀቻቸው። ስንት ገበሬ ያስተማሩ ሰው ደጃፋቸው ላይ ባለች ሳር ግራ ተጋብተው እህል አልበላ አላቸው። በመጨረሻ ከሥር ቧንቧ ፈንድቷል ብለው ደመደሙና ለኮሚቴ ሰብሳቢዋ ለሶፊ ነገሯት።

ሶፊ ሜክሲኮ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ነገር የማታሳድር ልጅ ናት። «ጥሩ ጋሼ፣ ቅዳሜ ሠራተኞች መጥተው ይቆፍሩታል» አለች። «ከተቆፈረ አይቀር ደግሞ ኮብልስቶን ይነጠፍና መኪና ይቁምበት የሚሉ አሉ። ለማንኛውም እናየዋለን።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ክው አሉ። ሳሩን በገዛ አፋቸው አስበሉት።

ሳይቆፈር በፊት የእርጥበቱን ምንጭ በዓይናቸው ሊያረጋግጡ፣ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ከሦስተኛ ፎቅ ወይዘሮ ትብለጽ ሳፋ ይዘው ወረዱ። ሳሩን ላለመርገጥ ከዳር ቆመው፣ ውሃውን ቀስ አድርገው ክቧ ላይ ደፉት።

«ከሮቶው ነው፣ ወይዘሮ ትብለጽ?»

ሴትዮዋ ሳፋው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። «ኧረ በማርያም! ጠበል ነው። ልጄን ያጠመቅኩበት።»

«ሃፍቶምን? ዱባይ ሄደ አላሉንም?»

«ሰው እንዳይጠይቀኝ ብዬ ነው። ከክፍሉ አይወጣም። ካናገረኝም ቆየ። ጠበሉን በጀሪካን እያመጣሁ ቤት አጠምቀዋለሁ። እጣቢው ደግሞ ሽንት ቤት አይደፋ፣ ሰው የሚረግጠው ቦታ አይደፋ። እዚህ ግቢ የቱ ነው የማይረገጠው?» ወደ ቆርቆሮው በአገጫቸው አመለከቱ። «እርስዎ ያስከበሩት ይሄ ብቻ ነው። አደራዎን፣ ለሰው አይንገሩብኝ።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ክቧን መልሰው ዳሰሷት። ውሃ ውሃ ነው፣ ይህን ያውቃሉ። አንድ ሳፋ ግን በዚህ ሐሩር ይህን ያህል ያለመልማል? ይህን አያውቁም።

ቅዳሜ ሠራተኞቹ ዶማ ይዘው መጡ። ጎረቤቱ ጀሪካኑን እንደያዘ ከበባቸው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ክቧ ፊት ቆሙ።

«አይቆፈርም። ቧንቧ አልፈነዳም። ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

«ውሃ ከየት አምጥተው?» አለች ሶፊ።

እውነቱን ቢናገሩ የሴትዮዋ ገመና ከፎቅ ፎቅ ሊዞር ነው። «ከሮቶው» አሉ።

«እርስዎ፣ ጋሼ?» አለች ሶፊ፤ ከንዴቷ ይልቅ ሐዘኗ ባሰባቸው። የሮቶውን ቁልፍ ተቀበለቻቸው፤ ሠራተኞቹንም ሸኘች። ወይዘሮ ትብለጽ ከደረጃው ላይ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ያያሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጋሽ ሀብተሥላሴን ሰላም የሚላቸው ጠፋ። አፈሩ፤ ስላልሠሩት ነገር ማፈራቸው ደግሞ ይበልጥ ግራ አጋባቸው።

በሌላ ቀን ማለዳ ሳሩ ሲንኮሻኮሽ ሰምተው በመስኮት አዩ። የከሳ ረጅም ጎልማሳ ሳፋ ተሸክሟል። ሃፍቶም ነው። እናቱ ከዳር ቆመው በሹክሹክታ ይጠሩታል፤ እሱ ግን ጫማውን አውልቆ፣ ደረቁን ሳር ሰባብሮ እየረገጠ ወደ መሃል ገባ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ በልማዳቸው ሊጮኹ መስኮቱን ከፈቱ። ወይዘሮ ትብለጽ ደንግጠው ቀና አሉ። ሃፍቶምም ዞር ብሎ አያቸው።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ» አለ፤ ድምፁ ሻክሯል።

ከዚያ ግቢ ሰላም ያላቸው እሱ ብቻ ነበር።

«ደኅና አደርክ፣ ልጄ» አሉ፤ ሳሩን ስለመርገጡም አንድም ቃል አላነሡበትም።