ቀረጡ ያልተነሳለት ዓሣ

ተደራዳሪዋ የንግድ ኅብረቱን ልዑክ መሪ ገና በበሩ ሲገባ ስታየው ራሷን ያማት ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ትሑት ነው፣ ወንበር ይስብላታል፣ ስለ ጤንነቷ ይጠይቃታል። ግን ምንም ቢነግሩት መልሱ «ይታያል» ብቻ ስለሆነ፣ ባልደረቦቿ ስሙን ትተው «አቶ ይታያል» ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሷ ትንሽ ራስ ገዝ ግዛት የምትልከው የታሸገ ዓሣ ወደ ኅብረቱ አገሮች ሲገባ ሙሉ ቀረጥ ይጣልበታል። ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ግን ከዚያው ባሕር ያወጡትን አሽገው ያለ ምንም ቀረጥ ያስገባሉ። ይህን አድልዎ ለማስቀረት ስንት ዓመት ተመላለሰች። አንዴ ግዛትሽ አገር ስላልሆነች መብቱ አይመለከታትም አሏት፤ ሌላ ጊዜ ለድሆች የተፈቀደውን ቅናሽ ብትጠይቅ ሀብታም ናችሁ አሏት። ማስረጃ ባቀረበች ቁጥር አዲስ ሰበብ ይመዘዛል።

የዚያን ቀን አቶ ይታያል ፈገግ ብሎ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ትኩስ ዓሣ ከቀረጥ ነፃ ይግባ፤ የታሸገው ባለበት ይቆይ አለ። ዓሣው በጥሬው ከተጫነ የግዛቷ ማሸጊያ ፋብሪካ ምን ሊያሽግ ነው? ታላቅ እህቷ እዚያ የመክተፊያ ክፍሉ አለቃ ናት፤ እሷንም ያስተማረቻት በዚያው ደመወዝ ነው።

እረፍት ጠይቃ ኮሪደር ወጣችና ለመሥሪያ ቤት አለቃዋ ደወለች። ጋዜጠኞች ስለተጠሩ ባዶ እጇን እንዳትመለስ ነገራት። ልታስረዳው ስትሞክር ስልኩን ዘጋባት።

ደሟ ፈልቶ ተመለሰች። አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለችው። «ያው ዓሣ እዚያ ሲታሸግ ነፃ፣ እኛ ጋ ሲታሸግ ግን የሚቀረጠው ለምንድነው?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘውን ጸሐፊ እንዲያቆም በእጁ ጠቆመው።

«ጎረቤቶቻችሁ መርከቦቻችን የሚያርፉበት ወደብ አላቸው» አላት ቀስ ብሎ። «እናንተ ብትቀየሙ የሚቀርብን ነገር የለም።»

ይኸው ይጻፍልኝ ብላ ብትጠይቅ አይሆንም አላት። እሷም አልፈርምም ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በማግስቱ ምክትሏ ተልኮ ፈረመ። ዜናው ስምምነቱን «ታላቅ ድል» ብሎ አወጀ። ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ፈረቃ ቀነሰ፤ ቀጥሎ መክተፊያውን ጭራሽ ዘጋ።

እህቷ ቤት ስትሄድ በረንዳ ላይ የሥራ ቦት ጫማዋን ስታጥብ አገኘቻት። ፋብሪካው ንጹሕ አድርጋችሁ መልሱ ብሏቸዋል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አልፈረምኩም።»

«ሰምቻለሁ» አለች እህትየዋ ቀና ሳትል። «ባትፈርሚስ ምን ለወጠ?»

ልትወቅሳት አልነበረም፤ የምሯን ነው የጠየቀቻት። ተደራዳሪዋ እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ሌላኛውን ጫማ ማሸት ጀመረች።