ቃለ አብ ኦንላይን ነው

የሺዋስ በፋይናንስ ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር በሆዱ ተኝቶ የፕሪንተሩን ገመድ ሲጎትት ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እዚያው እንዳለ አውጥቶ አየው። አዳማ ከተቀበረ ወር ያለፈው ወንድሙ፣ ቃለ አብ፣ የስፌት ማሽን ሊሸጥ ማስታወቂያ ለጥፏል።

«ትንሽ የሠራ ኦቨርሎክ። ቀብድ ለላከ ቅድሚያ እሰጣለሁ» ይላል። ከጽሑፉ ጎን ቃለ አብ በፎቶው ውስጥ እንደ ልማዱ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።

«አይቲ! ሞትክ እንዴ እዚያ ሥር?» አሉ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደምለው። «ይሄ ደመወዝ ዛሬ ካልታተመ ሠራተኛው እኔን ነው የሚያትመኝ።»

«መጣሁ» አለ የሺዋስ። ድምፁ አቧራ እንደ ጠጣ ሰው ነበር።

ቃለ አብ ያገለገለ ዕቃ ከአዳማ እየገዛ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለአዲ አርቃይ ሰው በቴሌግራም ይሸጥ ነበር። የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተ። ስልኩ ከአደጋው ቦታ ጠፋ። የሺዋስና አጎታቸው መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ለሥራ እንደሚሄድ ሰው ሄደው ቀብረውት ተመለሱ። እናቱ ወርቄ ያን ሰሞን የዓይን ሞራ ተገፍፎላት ነበርና ሐኪሙ እንባ እንዳይነካት አስጠንቅቋል። መሪጌታ «ዓይኗ ይዳን፣ ከዚያ ወግ ባለው መንገድ እናረዳታለን» አሉ። ዓይኗ ሲድን ሐኪሙ ሁለተኛውን ገፈፈው። መሪጌታም «እሱም ይዳን» አሉ።

በዚህ መሀል ነው ስልኩን ያነሣው ሌባ በቃለ አብ ስም መሸጥ የጀመረው።

የሺዋስ ሲሙን አስዘጋ፤ ቴሌግራሙ ግን በተሰረቀው ስልክ ላይ እንደ ተከፈተ ቀረ። ሌባውን ከዚያ ለማስወጣት ያው ቁጥር በአዲስ ሲም መውጣት አለበት። ቴሌ ቢሮ ሄዶ ሲጠይቅ «ባለቤቱ ይምጣ» አሉት። ሞቷል ሲል፣ «ወራሹ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ ይምጣ» አሉት። ቃለ አብ ሚስትም ልጅም የለውም። ወራሹ እናቱ ናት።

በግዢና ሽያጭ ግሩፑ «የወንድሜ አካውንት ተጠልፏል፣ ብር እንዳትልኩ» ብሎ ጻፈ። ሌባው ወዲያው መለሰለት፤ «የሺ ወንድሜ፣ በቤት ጉዳይ ተጣላን ብለህ ስሜን አታጥፋ።» አንድ የዛሪማ ሰው ደግሞ «ወንድማማቾች፣ ጉዳችሁን ቤታችሁ ጨርሱ» አለ። ሌላው «ከተጠለፈ ራሱ ደውሎ ይንገረና! ድምፁን እናውቀዋለን» አለ። የግሩፑ አስተዳዳሪም ማስረጃ የለውም ብሎ የሺዋስን ጽሑፍ አጠፋው። ለአስተዳዳሪው እውነቱን በጆሮው ሊነግረው አሰበና ተወው። ደባርቅ ላይ ለአንድ ሰው የተነገረ ሞት እናቱ ደጅ ለመድረስ እግር አያጣም። በሳምንቱ አንድ የዳባት መምህር ለሌለ ፍሪጅ ብሩን ላከ።

ዛሬም ጧት እናቱ፣ ዓይኗ ላይ ፋሻ እንደ ተለጠፈ፣ ፊቷን ወደሱ አዙራ «ወንድምህ አልደወለም?» ብላው ነበር።

«ኔትወርክ የለም እማዬ።»

«ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ የለም። ታዲያ አንተን ምን ሥራ ብለው ቀጠሩህ?»

ከሰዓት በኋላ ደመወዙ ታትሞ አቶ ደምለው ሲወጡ፣ ልብስ ነጋዴዋ ወይዘሮ ፈትያ ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«የሺዬ፣ መነጽሬን ሱቅ ረስቼ ነው። ለቃለ አብ ቀብድ ልላክለት፤ አንተ ጫን ጫን አድርግልኝ።»

«ይቅርብዎት እትዬ ፈትያ። ሌባ ነው።»

«ማን? ወንድምህ?» ሳቀች። «የፊተኛውን ማሽን ማን አመጣልኝ? ከአዳማ እስከ ሱቄ ደጃፍ፣ አንድ መርፌ ሳይጎድል! ስለ ቤቱ ስትጣሉ ጠባችሁን ለሰው አታሳዩ።»

«አልተጣላንም። አካውንቱን ሌላ ሰው ነው የያዘው።»

«እንዲያ ከሆነ ደውልና አገናኘኝ። ይኸውልህ ስልኬ።»

የሺዋስ ስልኩን አልተቀበላትም። ፈትያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

«እውነቱን ልንገርህ? እኔም ተቀይሜዋለሁ። ዕቃውን ወድጄ እንጂ ላኮርፈው ነበር። እናቱን እንዲህ ያስለቅሳታል?»

«እማዬን?»

«ትናንት ሱቄ ገብታ ስታለቅስ ዋለች። የጎረቤት ልጆች ‹ቃለ አብ ኦንላይን ነው› ብለው አሳይተዋት። ‹ለሰው ሁሉ ይጽፋል፣ ለእኔ አንዲት ሃሎ ይነፍገኛል? ምን በደልኩት?› ትላለች። ወላሂ፣ በዚያ በተገፈፈ ዓይኗ! ‹የሺ እንዳይሰማ› አለችኝ ደግሞ።»

የሺዋስ ተነሥቶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። እናቱ ከሱ ተደብቃ ስታለቅስ፣ እሱ ከእሷ እየተደበቀ እንባዋ እንዳይፈስ ሲጠብቅ ኖሯል።

«ቃለ አብ የለም እትዬ።»

«የት ሄደ?»

«አርፏል። በመኪና።»

ፈትያ እጇ ወደ ራሷ ሲነሣ የሺዋስ መዳፉን ዘረጋ፤ ከግድግዳው ወዲያ የሥራ ባልደረቦቹ ያወራሉ። ሴትየዋ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነከሰች።

«ኢና ሊላሂ…» አለች ቆይታ። «ያ ልጅ! እና እናቱ ልጄ ጠላኝ እያለች ትክረም? ይሄ ከመርዶ ይሻላል?»

የሺዋስ ስልኩን አውጥቶ ለግሩፑ ጻፈ። «ወንድሜ ቃለ አብ በመኪና አደጋ አርፏል። በስሙ የሚሸጠው ሌባ ነው።» የመቃብሩን ፎቶ አያያዘበት። መላኪያውን ጫን ብሎ ሲይዘው ስልኩ መቼ ይላክ ብሎ ጠየቀው። ነገ ጧት፣ አንድ ሰዓት ብሎ ሞላ። ከዚያ ለአጎቱ ደወለና ያደረገውን ነገራቸው።

«አብደሃል?» አሉ መሪጌታ። «ዓይኗ ገና እርጥብ ነው!»

«እያለቀሰችበት ነው የኔታ። ልጄ ትቶኛል ብላ።»

«ሰርዘው። እኔ ቀኑን እወስናለሁ።»

«አልሰርዘውም።»

«መርዶ እንዲህ ነው እንዴ? ከቡይት ራስ ዘመድ መጠራት አለበት፣ ሰው መሰብሰብ አለበት፣ ደግፎ የሚይዛት ሴት ያስፈልጋል።»

«እሱን ብዬ ነው አሁን የደወልኩልዎት።»

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ሰዓት ነው ያልከኝ?»

«አንድ ሰዓት።»

«እንግዲያ ከንጋቱ በአሥራ አንድ ደጃችሁ እንሆናለን። መዝጊያውን አትቀርቅር» ብለው ዘጉት።

ፈትያ ፊቷን ጠርጋ ተነሣች። «እስከ ነገ ለሌባው የሚልክ እንዳይኖር እኔ ገበያውን እይዛለሁ። ማሽኑ ሰባራ ነው እላለሁ፤ ሞትን አላነሣም። ጧትም ከሴቶቹ ጋር እመጣለሁ።»

«እትዬ፣ ይሄ እርስዎ ዘንድ ይደር» አለና ስልኩን ዘረጋላት።

«ስልክህን? ለምን?»

«ማታ ከእማዬ ጋር እራት ስበላ እጄ አያርፍልኝም። ልሰርዘው እችላለሁ።»

ፈትያ ስልኩን ተቀብላ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

«ሌሊት መጥተህ ብትለምነኝስ?»

«አይስጡኝ።»