ያልተበሳው ክዳን

ሰፈሩ «የድንጋይ ሞግዚት» የሚል ስም ያወጣላት ያለ ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ የምትሠራው የባሕር እንስሳት በሚሸጥበት ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ሥራዋም ኮራል ማሸግ። ኮራል ላላየው ሰው ድንጋይ ነው። ላየውም ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከድንጋይ ብዙም አይሻልም። ቁጭ ብሎ ለሚጠብቀው ብቻ ነው ከየቀዳዳው ትንንሽ ጣቶቹን አውጥቶ ውሃውን የሚዳስሰው። ነፍስ አለው፣ ይበላል፣ ይበርደዋልም። ሞግዚቷ ይህን ስታስረዳ ጎረቤት በአክብሮት ራሱን ይነቀንቅና በሩን ከዘጋ በኋላ ይስቃል።

በብርዱ ወራት ግን ሱቁ ውስጥ የሚስቅባት የለም። ኮራል የሞቃት ባሕር ልጅ ነውና ውሃው ከቀዘቀዘበት ጣቶቹን ሰብስቦ ይነጣል፤ ነጥቶ ከቆየ ደግሞ እውነትም ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። እሷ ያሸገችው ግን የትም ቢላክ በደህና ይደርሳል። መጀመሪያ ኮራሉን ከነውሃው በድርብ ፌስታል ታስረዋለች። ከዚያ ዙሪያውን ብርድ የማያሳልፍ ነጭ ፎም በለበሰ ካርቶን ውስጥ ታስቀምጠውና ክፍተቱን በጋዜጣ ትጠቀጥቀዋለች። ከክዳኑ ሥር ማሞቂያ ከረጢት ትለጥፋለች፤ እፍኝ የማትሞላ፣ ውስጧ የብረት ዱቄት ያለባት፣ ልባሷ ተቀድዶ አየር ስታገኝ በራሷ የምትሞቅ ነገር ናት። በመጨረሻ የፎሙን ክዳን በእርሳስ ትበሳዋለች።

«ማሞቂያም እንደ ሰው ናት፤ ካልተነፈሰች ትበርዳለች» ትላለች፣ የፎሙን ፍርፋሪ ከሽርጧ ላይ እያራገፈች።

«እስቲ እኔንም አሽገሽ ሞቅ ወዳለ አገር ላኪኝ» ይላታል ባለ ሱቁ፣ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ።

«ለአንተ የሚሆን ካርቶን የለኝም። ሆድህን መጀመሪያ ቀንስ።»

ቀን ቀን እንዲህ ትቀልዳለች። ማታ ቤቷ ስትገባ የሚቀለድበት የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት ሁለት ወንበሮችና አንድ የመስታወት ገንዳ ናቸው። ገንዳው ውስጥ ባሏ አውራ ጣት በምታህልበት ጊዜ ያመጣት ኮራል አለች፤ አሁን የሰው ጭንቅላት አክላለች። እሱ «ሽማግሌው» ይላት ነበር፣ ከእኔ ቀድሞ ያረጀ አንድ ነገር በቤቴ ይኑር ብሎ። ሞግዚቷ እራቷን ይዛ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና የዋለችበትን ታወራለታለች። ሽማግሌው አያቋርጣትም። ይህ መቼም ከባሏ የተሻለበት አንድ ነገር ነው።

ይህ ሽማግሌ ግን ከባሏ እህት ጋር አቆራርጧታል። የባሏ እህት ልብስ ሰፊ ናት፤ ብርዱ ከዚህም በሚብስበት ሩቅ ከተማ ትኖራለች። ወንድሟ ለእሷም ገንዳ ሠርቶላት ነበር። በለቅሶው ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ «ከሱ ቆርጠሽ ስጪኝ፤ የወንድሜ እጅ ያሳደገው ነው» ብላ ለመነች። ሞግዚቷ ያን ጊዜ ልቧ እንደ ቁስል ነበረና «እሱን ቀበርኩ፤ ይህንን ደግሞ በቁሙ አልቆራርጥም» አለቻት። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን አንስታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አንዷ ለሌላዋ ደውላ አታውቅም።

ታዲያ ብርዱ እንደ ገባ ስልኩ ጮኸ።

«እኔ ነኝ።»

«እትዬ? ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። በገንዳዬ ያለው ሁሉ አለቀ። መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ቆመ፤ እኔ ደግሞ የሙሽራ ልብስ ላይ ተደፍቼ አላየሁትም። አሁን ውሃ ብቻ ነው የቀረኝ። ቁጭ ብዬ ውሃ አሞቃለሁ።»

ሞግዚቷ ወደ ሽማግሌው ዞር አለች።

«ከሱ ቁራጭ ካለሽ...» አለችና ልብስ ሰፊዋ ዋጥ አደረገችው። «ከሌለሽም ይቅር።»

«አለኝ» አለች ሞግዚቷ።

በማግስቱ በቀጭን መጋዝ ከሽማግሌው ጎን ቆረጠችላት። ስትቆርጥ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ቁራጩን ትንሽ ጠጠር ላይ አጣበቀችና ቁስሉ እስኪሽር በዚያው ገንዳ ጥግ አስታመመችው። አንድ ጠዋት ጣቶቹን ዘርግቶ ስታየው ጊዜው እንደ ደረሰ አወቀች።

ይህቺን እቃ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ማሸግ አላስቻላትም። ማሞቂያውን፣ ፎሙን፣ ካርቶኑን ተሸክማ ወደ ቤቷ አመጣች። ድርብ ፌስታሉን በሦስተኛ ደረበችው። አንድ ማሞቂያ አላረካ ብሏት ሁለት አደረገች። ይህም አልበቃ ብሎ ከቁም ሣጥኑ የባሏን የሱፍ ሹራብ አወጣች፤ ፌስታሉን በደረቱ ጠቀለለች፣ ማሞቂያዎቹን በእጅጌዎቹ ውስጥ ከተተች። ሕፃን ቢሆን እንኳ ይህን ያህል አይታቀፍም። እንዲህ ስታሞላቅቀው የጭነት ሾፌሩ ከደጅ ጥሩምባውን ነፋ።

«እማማ፣ መኪናው ይሄዳል!»

ሃምሳ ያልሞላት ሴት «እማማ» ስትባል ደሟ ይፈላል። እየተነጫነጨች ክዳኑን ከደነች፣ ፕላስተሩን ዙሪያውን ደጋግማ ጠመጠመች፣ አድራሻውን ለጠፈችና አስረከበች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

ሱቅ ገብታ የዕለቱን የመጀመሪያ ካርቶን አሸገችና ክዳኑን በእርሳስ በሳችው። የፎሙ ፍርፋሪ ሽርጧ ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ ተበተነ። ልታራግፈው እጇን አነሳችና ቆመች። ዛሬ ከቤቷ ስትወጣ ቀሚሷ ላይ አንድም ፍርፋሪ አልነበረም። ወለሉም ንጹሕ ነበር።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። አልበሳችውም። ማሞቂያዎቹን በሱፍ አፍና፣ በፕላስተር ላይ ፕላስተር ደራርባ ልካቸዋለች። ለባዳ ሁሉ የምትሰጠውን ቀዳዳ ለገዛ ቤተሰቧ ነፈገችው።

ወደ ሾፌሩ ደወለች።

«አስረክቤዋለሁ እኮ እማማ። ትልቁ መኪና ተቆልፎ ወጥቷል።»

«እማማ አትበለኝ።»

«እሺ እማማ።»

ባለ ሱቁ ነገሩን ሲሰማ «ብርዱ ገደለው በይ፤ ማን ያውቃል?» አላት። እውነቱን ነው፤ ማንም አያውቅም። ብርድ ብዙ ኃጢአት ተሸክሞ የኖረ ነው፣ አንድ ቢጨመርበት አይከብደውም። ሞግዚቷ ስልኩን አስቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ነገ ነጭ ድንጋይ ተቀብላ «እምቢ ብላ ብላ የሞተውን ላከችልኝ» ስትል ታያት። ከዚያ ወዲያ ያ ስልክ ዳግመኛ አይጮኽም። ብትዋሽም አይጮኽም፣ ብትናገርም ምናልባት አይጮኽም፤ ብትናገር ግን ቁራጩ የሚድንበት ጊዜ ገና አለ። ስልኩን መልሳ አነሳች።

«እትዬ፣ ክዳኑን አልበሳሁትም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ማሞቂያው አየር አያገኝም። አሁን በረዶ ሆኖ እየሄደ ነው።»

«አንቺ ነሽ የረሳሽው? አንቺ?»

«እኔው ነኝ።»

«ወንድሜ እኮ ‹የሚስቴ እጅ አይስትም› እያለ ጆሮዬን ሲያደነቁረው የኖረ ነው። ይህችን ሳያይ አመለጠችው።» ከዚያ ድምፅዋ ለዘብ አለ። «ምን ላድርግ?»

«ቤት ድረስ እስኪያመጡልዎ አይጠብቁ። ጠዋት ጭነት ቤቱ ሲከፈት እዚያው ይቀበሉት፣ እዚያው ይክፈቱት። ማሞቂያዎቹ አየር ሲያገኙ ቀስ ብለው ይነሳሉ። እስኪነሱ እርስዎ ፌስታሉን በካፖርትዎ ውስጥ፣ ሆድዎ ላይ ይያዙት። ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳይከቱት፣ ድንጋጤው ይገድለዋል፤ ቤት ሲገቡ ፌስታሉን ገንዳው ላይ ያንሳፍፉት፣ ውሃውንም በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቅሉለት።»

በማግስቱ ሞግዚቷ ዕረፍቷ ነበር። መደወል አፈረች፣ መቀመጥ አቃታት። አንድ የተወለወለ መስታወት ደግማ ወለወለች። ስልኩ ሲጮኽ ረፋድ ሆኗል።

«ቤት ገብቻለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አውቶቡስ ላይ አንዷ ተነስታ ወንበር ለቀቀችልኝ። ነፍሰ ጡር መስያት ነው። በዚህ ዕድሜዬ።»

ሞግዚቷ ሳቋ አመለጣት። «ፌስታሉስ?»

«እንዳልሽው ገንዳው ላይ አንሳፈፍኩት፣ ውሃውንም በጥቂት በጥቂቱ ቀላቀልኩለት። አሁን ውስጥ ነው። ተሰብስቧል። አንድ ጎኑ ነጥቷል።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ቡናማ ነው፣ መልኩን አልለቀቀም። ግን እንደ ተኮራመተ ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «ሹራቡን አገኘሁት። ክርኑን የጠገንኩት እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ልመልስልሽ?»

ሞግዚቷ የቁም ሣጥኑን ባዶ መስቀያ አየችው። «እርስዎ ጋ ብርዱ ይብሳል። እዚያው ይቆይ።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አልዘጋችም። «ስፌት አለብኝ» አለች። «ስልኩን ገንዳው አጠገብ አስደግፈዋለሁ። ቀና እያልኩ አየዋለሁ፤ የሆነ ነገር ካወጣ እነግርሻለሁ።»

ሞግዚቷም ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደገፈችው። ከወዲያ የፓምፕ ጉርምርምታ ይሰማል፤ ከወዲህም እንዲሁ። መሐል ላይ የስፌት መኪናው ሮጦ ይመጣል፣ ይቆማል፣ መቀስ ይሰማል፣ ደግሞ ይሮጣል። የተቆረጠ ጎኑ ገና ያልሞላው ሽማግሌ ፊት ለፊቷ ጣቶቹን እንደ ዘረጋ ነው።

ምሳ ሰዓት አልፎ ስፌት መኪናው በድንገት ቆመ።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«በቡናማው በኩል አንድ ጣት አወጣ። አንድ ብቻ። አሁን መልሶ አስገባው... ቆይ፣ አወጣው።»

«ነጩስ?»

«ነጩ እንዳለ ነው።»

«ነጩ ላይነሳ ይችላል» አለች ሞግዚቷ። «ቡናማው ግን ከተነሳ በጊዜ ብዛት ይሸፍነዋል።»

«እንግዲህ እጠብቃለሁ። የምሄድበት የለኝ።»

ስፌት መኪናው መልሶ ጀመረ። ሞግዚቷ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰችም ነበርና ቀስ ብላ ዳቦ አመጣች። ወዲያ ማዶ እንዳይሰማባት፣ ቁራሹን በምራቋ እያራሰች፣ ያለ ድምፅ አኘከች።