በየቀኑ የምትጸዳው ኮምፒውተር

ልብስ ሰፊው ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደ ኮምፒውተሩ የሚንከባከበው ነገር የለም። ልጁ "ስትንቀራፈፍብህ ጊዜያዊ ፋይሎቹን አጽዳ፣ አባዬ" ብላ አንዴ አሳየችው፤ እሱ ግን ፈጠነችም ተንቀራፈፈችም በየቀኑ ያጸዳታል። ለፍጥነቱ መሰላችሁ? ወዲያ! ምስጢር ነበረው እንጂ።

ሰውዬው መርሳት ጀምሯል። ዕድሜ ልኩን ከእጁ ያልተለየው መቀስ እንኳ አንድ ቀን ስሙ ጠፍቶበት ነበር። ሚስቱ ብትሰማ ትደነግጣለች ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም እስክትል ይጠብቅና "የሰው ስም መርሳት በሽታ ነው ወይ?" ብሎ ኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ ይጽፋል። አንብቦ ሲጨርስ ያጸዳል። "አለቀ፣ ደቀቀ!" ይላል እጁን እያራገፈ።

አንድ ቀን ታዲያ "መርሳት" ብሎ ገና ሲጀምር፣ እሱ ያልጻፈው ነገር ከሥር ብቅ አላለም? "መርሳት የጀመረ ባልን ሳያሳፍሩ እንዴት መርዳት ይቻላል?" ይላል።

ክው አለ። ስልኩን አንስቶ ልጁ ጋ ደወለ።

"በየቀኑ አጸዳ የለም እንዴ? ይሄ ከየት መጣ?"

"አንተ የምታጸዳው ጊዜያዊ ፋይሉን ብቻ ነዋ፣ አባዬ! የፈለጋችሁት ነገር 'ታሪክ' የሚለው ውስጥ ይቀመጣል። ስታጸዳ እሱም ላይ ምልክት ካላደረግክ አይጠፋም።"

ያንን የጻፈችው ሚስቱ ናት፤ የእሱንም ሁሉ አይታዋለች ማለት ነው። መሳቢያዎቹ ላይ "ለራሴ ነው፣ እኔ እረሳለሁ" እያለች የለጠፈቻቸው ወረቀቶች ትዝ አሉት። ሰው ሲመጣ ከበሩ ጀምራ ስሙን ጮክ ብላ የምትጠራውም ለካ ለእሱ ኖሯል። አይ የኔ ሴት!

"ታሪኩንም እንዴት እንደምታጠፋ ላሳይህ?" አለች ልጁ።

"ተይው፣ ይቀመጥ" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሚስቱ ከመኝታ ቤት ወጣች። ከጠዋት ጀምሮ የእጅ ሰዓቱን አጥቶት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምንም እንዳልሆነ ሰው እያፏጨ ቤቱን ሲያስስ ይውላል እንጂ ትንፍሽ አይልም።

"ስሚ" አላት፣ "ሰዓቴን የት እንዳስቀመጥኩት ረሳሁ።"

ጠጋ አለችው። ከዚያ ከሹራቧ ኪስ ሰዓቱን አወጣችና እጁን ስባ አሰረችለት።

"ጠዋት ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት" አለችው። "እስክትጠይቀኝ ብዬ ይዤው ስዞር ዋልኩ።"