ወደ ግራ ሲዞር

ሊፍት ጠጋኙን ጓደኞቹ «ሚስቱን ሲያገባ አባቷንም አብሮ አገባ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ቀልዱ ከእውነት ብዙ አልራቀም። አማቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ሹፌሩ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ከስማቸው ይልቅ በዚህ ሲጠሩ ደስ ይላቸዋል። «ያን ሁሉ ሕዝብ ሳመላልስ አንድ ቀን እንኳ ሰው አልነካሁም» ማለት ይወዳሉ፤ ሲሉም ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ። ጡረታ ሲወጡ ግን ቤት መዋል አላስችል አላቸው። ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ በረንዳ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ በመንገድ የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ ይሳደባሉ። አንድ ቀን ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ ሰዎች በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪኖች ሲያስሮጡ አዩና ቀልባቸው እዚያው ቀረ።

የልጅ መጫወቻ አይደሉም እነዚህ። ክንድ የምታህለው መኪና ከእንቁላል ብዙም የማይበልጥ እውነተኛ ሞተር ተሸክማለች። ናይትሮ የሚባል ኬሚካል የተቀላቀለበት ነዳጅ ትጠጣለች፣ ታጨሳለች፣ ጩኸቷ ጆሮ ይበሳል። ሕመሟም የትልቅ መኪና ነው፤ እንዲያውም ይብስባታል። ጠዋት በቀዝቃዛ አየር የተስተካከለላት ነዳጅ ከሰዓት ፀሐይ ሲበረታ አይስማማትም። ነዳጅ ከበዛባት ታስላለች፤ ካነሰባት ደግሞ እንደ እብድ ትሮጥና በራሷ ሙቀት ፒስተኗን ትበላለች። ስለዚህ ሹፌር ብቻውን አይበቃትም፤ ሐኪም ያስፈልጋታል። ሐኪሟ አማችየው፣ ሊፍት ጠጋኙ ሆነ።

ሥራው እንደ ቀልድ ተጀምሮ ልቡ ውስጥ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ በጨለማ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በፀሐይ ቁጭ ብሎ መዳፉ ላይ የምትቀመጥ ሞተር መፍታት ዕረፍት ሆነለት። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ የተረፈውን ነዳጅ አቃጥሎ ይጨርሳል፣ ዝገት እንዳይገባት ውስጧን ዘይት ያስጠጣታል፣ የአየር ማጣሪያዋን አጥቦ ያሰጣል። ሹፌሩ አጠገቡ ተቀምጠው ያወራሉ። አባቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነውና፣ ያ ወሬ ለሱ ምን ያህል እንደሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ቅዳሜ ነው። ሹፌሩ ጎማ የሚይዘው የፊት ግራ እግሯ የተሰበረ መኪና ይዘው፣ ሪሞት ጨብጠው ከሚቆሙበት የመንጃ ሰገነት ወረዱ።

«ልጄ፣ ይቺ ሞተር ወደ ግራ ስዞር ትታፈናለች» አሉት። «ነዳጅ ስሰጣት እምቢ ትላለች። ከዚያ ድንገት ትለቀዋለች፤ ይዛኝ ግድግዳ ላይ!»

«ወደ ቀኝስ ሲዞሩ፣ ጋሼ?»

«ወደ ቀኝ ምን ወጥቷት! ቅቤ ናት።»

አባባላቸው ያስኬዳል። መኪና ስትዞር ታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ የሚስበው ቱቦ ነዳጁን ትቶ አየር ከሳበ ሞተሯ ትታፈናለች። ስለዚህ ከዚያ ጀመረ። ታንኩን ነቅሎ፣ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ በቱቦ ነፋበት፤ አንድም አረፋ አልወጣም። ቱቦዎቹን ሁሉ ቀየራቸው። ካንዴላዋን ፈትቶ ውስጧ ያለውን ቀጭን ሽቦ በማጉያ መነጽር አየ፤ እርጥብና የሚያበራ ነው፤ ጤናማ ሞተር እንዲህ ነው። ቢሆንም ቀየራት። ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ፣ የሞተሯን የኋላ ክዳን ማሸጊያ ጎማ ለወጠ፣ ኩሽኔታዋን በጣቱ እያዞረ አዳመጠ። አንዳች የሚያንኳኳ ነገር የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት የግራ እግሯ እንደገና ተሰበረ።

«አላገኘኸውም ማለት ነው» አሉ ሹፌሩ፣ ቅር እንዳላቸው ሳይደብቁ።

አማችየው ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። በሥራ ቦታ እንኳ የሊፍት ገመድ እየቀባ የሚያስበው ያቺን ግራ መዞሪያ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን ሜዳው ባዶ ሲሆን መኪናዋን ይዞ ብቻውን ሄደና ራሱ ነዳት። ወደ ግራ አዞራት፤ ዞረች። ፈጥኖ አዞራት፤ ድምጿ ሳይሰበር እየዘፈነች ወጣች። ታንኩ ሙሉ ሆኖ፣ ታንኩ ተንጠፍጥፎ፣ ሞተሯ ቀዝቅዛ፣ ሞተሯ ግላ፣ በሁሉም ሞከራት። ምንም የላትም።

ደስ ሊለው ሲገባ ሌላ ጥርጣሬ ገባው። ቤት ገብቶ የተሰባበሩ ዕቃዎች የሚጥልበትን ካርቶን ወለሉ ላይ ገለበጠው። የግራ እግር፣ የግራ እግር፣ የግራ ጎማ፣ በግራ በኩል የተላጠ ሽፋን። ከቀኝ በኩል የተሰበረ አንድ ብሎን እንኳ አጣ።

ከዚያ በኋላ ማየት ያልፈለገውን ሁሉ ማየት ጀመረ። የሹፌሩ እውነተኛ መኪና የግራ ስፖኪዮ በፕላስተር ታስሯል፤ «ቆማ ሳለች አንዱ ደንቆሮ ገጭቷት ሄደ» ብለው ነበር። በግራ በኩል ያስቀመጠላቸውን ካቻቢቴ ጠረጴዛውን ሁሉ እየዳበሱ ፈለጉት። እሱን ይኼ ሁሉ ባላስደነገጠው ነበር፤ ግን ሹፌሩ በዚያች መኪና ጠዋት ጠዋት የሚያደርሱት ሰው አለ። የልጅ ልጃቸውን፣ የሱን ልጅ፣ ሚጣን ትምህርት ቤት የሚወስዷት እሳቸው ናቸው።

«ሚጣዬ፣ ከአባባ ጋር ስትሄዱ መንገድ ላይ ምንም ነገር አጋጥሟችሁ ያውቃል?» አላት እንደ ዋዛ።

«አንድ ባለ ሳይክል አባባን ተሳደበ» አለችው። «አባባም መልሰው ተሳደቡ። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ።»

ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቀት ስትሰማ ውላ የምትመጣ ሴት ናት፤ ይህን ግን መስማት አልፈለገችም።

«አባቴ ጋዜጣ ያለ መነጽር የሚያነብ ሰው ነው» አለችው።

«ፊት ለፊት ያያሉ። በጎን ያለውን ነው የማያዩት።»

«የሞተሩ ብልሽት ጠፋብህና ወደ አባቴ ዞርክ?»

ቃሉ ወጋው። ለሹፌሩም ቢሆን ዳር ዳሩን አንስቶላቸው ነበር፤ «ዓይንዎን ቢታዩ ምን ይመስልዎታል፣ ጋሼ?» ብሎ። እሳቸው ከት ብለው ሳቁና የጋዜጣውን ትንንሽ ፊደል ጮክ ብለው አነበቡለት። እሱም አብሮ ሳቀ። ያን ሳቁን በኋላ ራሱን እስኪጠላ ድረስ ረገመው።

በሜዳው ውድድር የተዘጋጀው እሑድ ቀን ነበር። በየመዞሪያው የተገለበጠ መኪና የሚያነሱ ሰዎች ይቆማሉ። ከሰገነቱ በስተግራ ባለው መዞሪያ የቆመው የሰፈሩ ጫማ ሠሪ ነው፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ሳቂታ ሰው። ሹፌሩ ሰገነቱ ላይ ወጥተው ሪሞታቸውን ጨበጡ። መጀመሪያ ላይ በደህና ነዱ። አማችየው ጆሮውን ሞተሯ ላይ ጥሎ ቆሟል፤ ድምጿ ጥርት ያለ ነው። ጫማ ሠሪው የሌላ ሰው መኪና ተገልብጣ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። የሹፌሩ መኪና ከቀጥታው መንገድ በሙሉ ፍጥነት መጣች። ድምጿ አልቀነሰም። ወደ ግራ መታጠፍ ጀመረች፣ ከመጠን በላይ ታጠፈች፣ ወደ ውስጥ ገባችና የጫማ ሠሪውን ቁርጭምጭሚት መታችው።

የሰውዬው ጩኸት ከሞተሮቹ ሁሉ በላይ ተሰማ።

«ተጣብቆ ቀረ!» አሉ ሹፌሩ ከሰገነቱ ላይ። «ነዳጁ ተጣብቆ ቀረብኝ! ሞተሯ እምቢ አለች!»

አማችየው ሮጦ ደረሰ። ጫማ ሠሪው እግሩን ይዞ ሣሩ ላይ ይንፈራገጣል። መኪናዋ አጠገቡ ጎማዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተኝታለች፤ ሞተሯም ቀስ ብላ፣ ትር ትር ትላለች። ነዳጁ ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ እስክትፈነዳ ድረስ በጮኸች ነበር። የሹፌሩ ጣት ሲለቃት እሷም ረጋ ብላለች። የነዳጅ ቱቦዋን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ አጠፋት። ያን ትር ትር የሰማ ሌላ ሰው አልነበረም፤ የሁሉም ጆሮ ጫማ ሠሪው ላይ ነበር።

የውድድሩ አዘጋጅ ፊቱ ቀልቶ መጣ። «ይቺን ሞተር የሚሠራት ማነው?»

አማችየው ቀና ብሎ ሰገነቱን አየ። ሹፌሩ የብረቱን አጥር ጨብጠው ቆመዋል። ያን ሁሉ ዘመን «ሰው አልነካሁም» ያሉ ሰው ናቸው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እግርህን እንዳላይ!»

ከጫማ ሠሪው ጋር ወደ ሆስፒታል ሄደ። አጥንቱ ተሰብሯል። ሰውዬው ሕመሙ ጋብ ሲልለት «ሞተር ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» ብሎ ሊያጽናናው ሞከረ፤ ያ ደግሞ ከስድብ በላይ አቃጠለው።

ማታ ሚስቱ አላናገረችውም። በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ እንደ ወትሯቸው ፊታቸውን ተላጭተው፣ ቁልፋቸውን እያንሿሹ መጡ። አማችየው ሥራ አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ዛሬ ሚጣን እኔ አደርሳታለሁ፣ ጋሼ።»

«ለምን? እኔ ምን ሆንኩ?»

«ሞተሯ ደህና እንደነበረች ያውቃሉ።»

የሹፌሩ ፊት ተለዋወጠ። «ትናንት ሰው ፊት ዝም ብለህ፣ ዛሬ በልጄ ቤት ልታዋርደኝ ነው? አንተን እንደ ልጄ ነው ያየሁህ!»

«እኔም እንደ አባቴ ነው ያየሁዎት። ሚጣን ግን አልሰጥዎትም።»

«ተው እንጂ!» አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት እየወጣች። «አባቴን ነው እንዲህ የምትናገረው?»

ሹፌሩ ለክርክሩ ጀርባ ሰጥተው ወደ ሳሎኑ ገቡና ድምፃቸውን አለዝበው «ሚጣ! የት ገባች ይቺ ልጅ? ረፈደ እኮ፣ ነይ!» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ።

ሚጣ ቦርሳዋን አዝላ ከግራ ክንዳቸው ሥር፣ ከትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሚጣ!» አሉ እንደገና፣ ጠንከር አድርገው።

«እዚህ ነኝ እኮ፣ አባባ» አለች።

ሹፌሩ ክው አሉ። ጭንቅላታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዙረው አዩዋት። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ዓይኗ ከአባቷ ወደ ልጇ፣ ከልጇ ወደ ባሏ ሄደ። ሹፌሩ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሊያስቀምጡት ያሰቡት ቦታ አልነበረም መሰል፣ ከጠርዙ ወርዶ ወለሉ ላይ ወደቀ። አላነሱትም። ከበሩ ወጥተው፣ በእጃቸው የግራውን ግድግዳ እየዳበሱ ደረጃውን ወረዱ።

ዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰደቻቸው ልጃቸው ናት። የዓይን ግፊት ነው ተባለ፤ ሳያሳምም፣ ሳያቀላ፣ ቀስ በቀስ ከዳር እየበላ የሚመጣ። የግራው ዓይን ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ ቀኙም ጀምሮታል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት በየቀኑ ጠብታ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ማታ ማታ ጠብታ ሊደረግላቸው ልጃቸው ቤት ይመጣሉ፤ ራሳቸው ሲሞክሩ ጉንጫቸው ላይ ነው የሚያፈስሱት። ከልጃቸው ጋር ያወራሉ፣ ከሚጣ ጋር ይስቃሉ። አማችየውን ግን እንደ በር መቃን ያልፉታል። ሚስቱ ይቅርታ ጠይቃዋለች፤ ግን ይቅርታ ስትጠይቀውም አለቀሰች፣ ለቅሶዋም ለማን እንደሆነ አልለየለትም። ቅዳሜዎቹ ባዶ ሆኑ። አዘጋጁ እገዳውን አላነሳም፤ እሱም እንዲነሳለት አልጠየቀም።

አንድ ቀን የጫማ ሠሪውን እግር ሊጠይቅ ሄደ። ሰውዬው ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሶል ይሰፋል።

«አማትህ መጥተው ነበር» አለው። «ብዙ አልተቀመጡም። ‹ሞተሯ ደህና ነበረች› ብለውኝ ወጡ። እኔማ ሌላ ነገር ሊሉኝ የመጡ መስሎኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

«ለሌላ ሰው ነገርክ?»

«ለማን? ምን ይሠራልኛል?»

በዚያው ሳምንት ሚስቱ የማታ ፈረቃ ገባች። ሹፌሩ ይህን አያውቁም፤ እንደ ልማዳቸው መጡና በሩን አንኳኩ።

«ልጄ የለችም?»

«ሥራ ላይ ናት፣ ጋሼ።»

ሊመለሱ ዞር አሉ፤ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሙ። ጥቂት ቆይተው ተመልሰው ገቡና ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። አማችየው እጁን ታጥቦ ጠብታውን አመጣ። በሊፍት ዘይትና በናይትሮ የሻከረ ጣቱን የሽማግሌው ሽፋሽፍት ላይ አሳረፈ። ቀኙን ጨረሰ። ግራው ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉበት፤ ጠብታው በጆሯቸው በኩል ወረደ።

«ውጭ ፈሰሰ» አሉ ሹፌሩ፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። «ድገመው።»

ደገመው።