የመሪጌታ ገዳሙ ጉሮሮ

«የመሪጌታ ገዳሙ የጉሮሮ በሽታ ከሴት የሚጋባ ነው አሉ» ትላለች ጎረቤታቸው አመተ ሥላሴ። ወፍጮ ቤት አለችው፤ ለቅሶ ቤት ደገመችው፤ በመጨረሻ ሚስታቸው ሥራነሽ ደጃፍ ቆማ፣ «እኔ አላልኩም እንግዲህ፣ ሰው ነው ያለው» ብላ ሠለሰችው።

ሥራነሽ ግን ቀድማ በጆሮዋ ሰምታለች። የጥናት ሰዎች ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የመጡ ጊዜ፣ ተመራማሪዋ ምሥራቅ ባሏን ስታነጋግር ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ጥናቱ በቫይረስ ስለሚመጣ የጉሮሮ ካንሰር ነው ተባለ፤ ቫይረሱም ወንድና ሴት ሲተኙ ይተላለፋል። ከዚያ ወዲያ ጆሮዋ አልያዘም። ልጅቷ በዘረመል ጫፍ ላይ ስላለ፣ እንደ ነጠላ ጫፍ እያደር ስለሚያልቅ፣ ቴሎሜር ስለሚሉት ነገር አወራች፤ ዘረመሉን ሳይነካ ጠባዩን ስለሚለውጥ ምልክትም አስረዳች።

«እንደ ዜማ ምልክት ነዋ!» አሉ መሪጌታ በሻከረ ድምፃቸው። «ቃሉ ያው ነው፤ ከላዩ የተጻፈው ነው ዜማውን የሚለውጠው።»

ሁለቱ ሳቁ። ሥራነሽ ያችንም ሳቅ ቋጥራ ያዘች።

ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነው። ቆርበው ነው የተጋቡት፤ እሷም እሳቸውም ሌላ ሰው ሳያውቁ። ቫይረስ ካለ ሌላ ሴት አለች። እሷን ፍለጋ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከደምበጫ መጥታ ጎረቤት የተከራየችው፣ ባሏ የሞተባት የብርጓል በየማለዳው በፔርሙስ አጥሚት ይዛ ከች ትላለች።

«እኔ ቤት እሳት ጠፋ?» ብላ ሥራነሽ አንድ ቀን አጥሚቱን ደጅ ላይ ደፋችው።

«ለእግዜር ብዬ ነው እኮ፣ እትዬ!»

«ለእግዜር ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ውሰጂለት፤ እዚህ አይደለም የሚኖረው!»

መሪጌታ ከአልጋቸው ቀና አሉ። «በቆረብነው ቁርባን... ካንቺ ሌላ አላውቅም።»

«ዝም በል!» አለቻቸው፣ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ከእርስዎ ወርዳ የማታውቀው ሴት።

ሐኪሙ ጉሮሮው ሊዘጋ ነው ብሏል። መሪጌታ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ መዋጥ ሳይሳናቸው ለግንቦት ልደታ አብረው እንዲቆርቡ። ቆርበው የተጋቡ አብረው ነው የሚቀርቡት፤ እነሱም አንድም ቀን ተነጣጥለው አያውቁም።

«ከየብርጓል ጋር ቁረብ» አለች።

የልደታ ለት መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ጠበቋት። ቅዳሴው በሞንታርቦ ይሰማል። እሷ ጓዳ ገብታ ጌሾ ትወቅጣለች፤ በዓል መሆኑ ጠፍቷት አይደለም፣ ሙቀጫው እንዲሰማቸው ብላ ነው። ቅዳሴው አለቀ። ብቻቸውን አልሄዱም።

በአራተኛው ቀን ጉሮሯቸው ውኃ እንቢ አለ። ለሚካኤል ቀበሯቸው። እያለቀሰች እንኳ የሥራነሽ ዓይን የብርጓልን ይፈልግ ነበር፣ የማን እንባ ይበልጥ ይሆን ብሎ።

አርባቸው በወጣ ማግስት ምሥራቅ ወረቀት ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ የመሪጌታ ውጤት ወጥቷል። ለቤተሰብ መንገር ደንባችን ነው።»

«ቫይረሱን ከሆነ ዐውቄዋለሁ፤ ይብቃሽ።»

«የምን ቫይረስ?» ልጅቷ ግራ ገባት። «ጥናቱ እኮ የሁለት ዓይነት በሽተኞች ነው። ቫይረሱ ካለባቸውም፣ ከሌለባቸውም ናሙና የወሰድነው ቴሎሜሩንና ምልክቱን ለማስተያየት ነው። መሪጌታ ቫይረሱ ከሌለባቸው ወገን ናቸው።»